ካሜራው ምን ሆኖ ነበር?

ፍቅር ዕውር ነው የሚሉ ሰዎች ከሚወዱት ሰው ጋር በአንድ ከተማ የሚኖሩ መሆን አለባቸው። ቤዛ ሽፈራው ግን ፍቅር ከማየት ሌላ ሥራ የለውም ባይ ናት። የምትወደው ቃለ አብ ህንድ አገር፣ ፑኔ የምትባል ከተማ ውስጥ ሦስተኛ ዲግሪውን ይሠራል፤ እሷ ደብረ ብርሃን መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በአባቷ ሳሎን ጥግ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተርና አናቱ ላይ የተቆነጠጠች፣ አውራ ጣት የምታህል ካሜራ ናት። ያቺ ካሜራ ደግሞ መሥራት ካቆመች ሁለት ሳምንት አልፏታል።

ስልክ የላቸውም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። አላቸው። ግን በዚያ ዓመት በከተማው የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት አልፈው ነበር፤ ኢንተርኔት የሚያገኘው ቤቱ ድረስ ሽቦ ያስገባ ሰው ብቻ ነው። የነቤዛ ሞደም ደግሞ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ሲሰቃይ ኖሮ ዋይፋዩ ተቃጥሏል፤ ገመዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ከመጠቀም በቀር ምርጫ አልነበረም። ስለዚህ የቤዛ ፍቅር እንደ ቤቱ ቴሌቪዥን ሳሎን ውስጥ፣ እናትና አባት በሚያልፉ በሚያገድሙበት፣ ሥራውን ሲጨርስ ዳንቴል የሚለብስ ፍቅር ነበር።

ካሜራዋ የጨለመችው በቤዛ በኩል ብቻ መሆኑ ነው ክፉው ነገር። እሷ ቃለ አብን ታየዋለች። ጢሙን ሳይላጭ ሲቀር፣ ከላብራቶሪ ደክሞት ሲገባ፣ እያወራች ሳለ በሐሳብ ሲሄድባት ሁሉንም ታያለች። እሱ የሚያየው ጥቁር ሳጥን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይስቁ ነበር። «ዩኤስቢውን ንቀዪና በኋላ በኩል ሰኪው» ይላታል፤ ጠረጴዛው ሥር ገብታ በኋላ በኩል ትሰካለች። «ድራይቨሩን አጥፊውና እንደገና ጫኚው» ይላታል፤ ትጭናለች። «ሪስታርት አድርጊው»፣ ታደርጋለች። «ፕሮግራሙ ካሜራውን እንዲጠቀም ፈቅደሽለታል?» ፈቅዳለች። እንግዲህ ፍቃድ በመስጠት የሚስተካከል ቢሆን ኖሮ ስንት ነገር ተስተካክሎ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ከመናኸሪያው አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰውዬ መጣ። ካሜራዋን አገላበጠ፣ የኮምፒውተሩን መስታወት በጨርቅ አሳምሮ ወለወለ፣ ከዚያ እንደ ሐኪም ተንፍሶ «ውስጧ ተቃጥሏል፤ ይቺ አበቃላት» ብሎ ሄደ። አዲስ እንዳይገዛ በከተማው የለም፤ ከአዲስ አበባ እንዳይመጣ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሦስት ቀን ይዘጋል።

ቃለ አብ መሳቁን ያቆመው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ሳቁ ሲቀንስ ቤዛ በዓይኗ አይታዋለች። መጀመሪያ «ናፈቅሽኝ» ማለት ተወ፤ ቀጥሎ «ዛሬስ?» ብሎ መጠየቅ ተወ። በመጨረሻ ይህን በኢሜይል ጻፈላት።

«ቤዝዬ፣ ላናድድሽ አይደለም የምጽፈው። ደጃችሁ ስለቆመችው ነጭ መኪና ሰው ነግሮኛል። ባለ ሆቴል ነው አሉ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ። አንቺ አልነገርሽኝም፣ እኔም አልጠየቅሁሽም። መኪናዋ በመጣችበት ሳምንት ካሜራው ተበላሸ። ሁለት ነገር አብሮ ስለሆነ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው እንደማይባል ለተማሪዎቼ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ብቻዬን ስሆን ግን ትምህርቱ አይጠቅመኝም። ፊትሽን ማሳየት ካልፈለግሽ ግድ የለም፤ እጅሽን ብቻ አሳዪኝ። ቀለበት የሌለበት እጅ ማየት ነው የምፈልገው። እሑድ አባቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቤታችሁ ይመጣል። አባቴ ሰው ቤት ሲሄድ የት ልቁም እያለ ያረጀ ሰው ነው። በከንቱ አላስመጣው።»

ቤዛ ደብዳቤውን አንብባ በጣም ተናደደች። ባለ ሆቴሉ መጥቷል፤ እውነት ነው። አባቷ ሻይ አጠጥተው መልሰውታል፤ ፈተና ላይ ያለን ሰው ምን ላስጨንቀው ብላ ነው ያልነገረችው። ንዴቷ ግን አልቆየም። «በከንቱ አላስመጣው» የምትለው ላይ ስትደርስ ንዴቱ ሟሟና እንባ ሆነ።

የቃለ አብ አባት አቶ ወልደተንሣኤ ከአንኮበር ቁልቁል ባለ መንደር የሚኖሩ ቀጥቃጭ ናቸው። የአገሩ ገበሬ በእሳቸው ማረሻ አርሶ፣ በእሳቸው ማጭድ አጭዶ ይበላል። አሊዩ አምባ ገበያ ሲወርዱ ዕቃቸው ከማንም ቀድሞ ያልቃል። ልጁን ለልጃቸው የሚሰጥ ግን የለም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። የሚሉት ሰዎች ማረሻውን ሲገዙ ያ ዓይን አያስፈራቸውም። የሚፈሩት ጋብቻ ሲነሣ ነው።

መምህር ሽፈራው፣ የቤዛ አባት፣ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቡዳ የሚባል ነገር ተረት ነው ሲሉ ነው የኖሩት። ነገሩ የገዛ ደጃቸው ሲመጣ ግን ሽማግሌዎቹን «እስኪ ልምከርበት» ብለው መለሱ። ሰባት ቤት ቆጠሩ፣ ዘመድ ጠየቁ፣ ክረምቱን አሳለፉ። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «ልጁ ሩቅ ቢሆንም በካሜራ ይቅረብና ፊት ለፊት እንተያይ። አባትየውም ይምጡ። የዚያን ዕለት መልስ እሰጣለሁ።» ሚስታቸው ወይዘሮ ጌጤ ምንም አላሉም። ዝምታቸውን ሁሉም እሺታ አድርጎ ወሰደው።

እሑድ ጧት እናትና አባቷ ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ ቤዛ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ቃለ አብ እየጠበቃት ነበር። ሸሚዝ ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል። የሽምግልና ቀን ሸሚዝ ነው። ያንን ሲጠነቀቅለት ማየቷ አንጀቷን በላው።

«ደብዳቤህ ደርሶኛል» አለችው።

«ባልጽፈው ይሻል ነበር።»

«መኪናው መጥቷል። አባዬ መልሶታል። አንተን እንዳላስጨንቅህ ነው ያልነገርኩህ። እጄ ላይ ምንም የለም ቃልዬ።»

ጥቁሩን ሳጥን ትክ ብሎ አየ። ሊያምናት እንደፈለገ ይታያል፤ እንዳቃተውም ይታያል። የሚወዱት ሰው እንደሚጠራጠር ፊቱ ላይ ከማንበብ የከፋ ቅጣት ካለ ቤዛ አታውቀውም።

«እሺ፣ ለመጨረሻ ጊዜ እንሞክር» አላት። «ካሜራዋ ጎን ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለች አይደል? በርታለች?»

«በርታለች።»

«አሁን?»

«አሁንም፣ ድሮም። ሁልጊዜ ትበራለች።»

ቃለ አብ ወንበሩን ወደፊት ሳበ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝማ።»

«መብራቷ ከበራች አልተቃጠለችም። ትሠራለች፤ ምስል እየላከችልኝ ነው፣ የምትልከው ግን ጨለማ ነው። እንግዲህ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ሌንሷን እዪልኝ።»

ቤዛ ተጠግታ አየች። «ጥቁር ነው። ሌንስ ጥቁር አይደል እንዴ?»

«በጣትሽ ንኪው።»

ነካችው። መስታወት አልነበረም። ለስለስ ብሎ ያሟልጫል። ጣቷን ስታነሣው ጥቁር ሆኖ መጣ፤ ጥቁረቱ ደግሞ የምታውቀው ነው። የእናቷ ኩል ነው። ወይዘሮ ጌጤ ለዓመት በዓል የሚኳሉት፣ በቅቤ የሚለወሰው ኩል። ሳታስበው ጣቷን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ከቅቤው ሥር ነጭ ሽንኩርት ሸተታት።

የሆነው ሁሉ በዚያች ቅጽበት ገባት። ነጭ ሽንኩርት ለምን እንደሆነ የማያውቅ የአገሯ ሰው የለም። ሕፃን ገበያ ሲወጣ ኪሱ የሚከተትለት፣ ከቡዳ ዓይን ይጠብቃል የሚባለው ነው። በነጠላዋ ጫፍ ሌንሷን ጠረገች።

ቃለ አብ መጀመሪያ ያየው ጭጋግ ነው። ከዚያ ጭጋጉ ውስጥ ጣቶች ታዩት፣ ከዚያ ነጠላ፣ ከዚያ ቤዛ። ከወንበሩ ግማሽ ተነሣ። ዓይኖቹ ፊቷን ሳይጨርሱ ወደ እጇ ወረዱ፣ ቀለበት የሌለበትን እጅ አዩ፤ ተመልሶ ሲቀመጥ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ነበር።

«ይቅር በይኝ» አለ። «ስንቱን አሰብኩ መሰለሽ። ይቅር በይኝ ቤዝዬ።»

ቀና ሲል እያለቀሰች ነበር፤ ልቅሶውም የደስታ አለመሆኑ ገባው።

«ጣትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«አቧራ ነው።»

«አቧራ እንዲህ አይጠቁርም። ኩል ነው?»

ጣቷን መዳፏ ውስጥ ደበቀች። ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«ነጭ ሽንኩርት ይሸታል?»

አንኮበር አንደኛ ደረጃ ሲማር ዴስክ የሚጋሩት ልጆች ኪሳቸው ውስጥ ያንን እየያዙ ይመጡ ነበር። እናቶቻቸው ናቸው የሚከቱላቸው። እሱ ሽታውን የትምህርት ቤት ሽታ አድርጎ ነው ያደገው፤ ምክንያቱን ያወቀው ቆይቶ ነው። ይህን ከዚያ በፊት ለቤዛ ነግሯት አያውቅም። ያን ጧት በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነገራት፣ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ።

«እማዬን ይቅር በላት» አለችው።

«እናትሽ ቢፈሩኝ አይገርመኝም። ለምጄዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ከሰዓት ሰዎቹ ሲመጡ አባትሽ ካሜራው ምን ሆኖ ነበር ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እውነቱን ተናገሪ። እናትሽን አዋርጂ ማለቴ አይደለም፤ በቀስታ፣ በአክብሮት ተናገሪው። አባቴ እዚያ ይቀመጣል። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ከኋላው ሲያንሾካሹክ ነው የኖረው። አንድ ጊዜ እንኳ ነገሩ ፊቱ ላይ ተነሥቶ፣ አንድ ሰው ይህ ውሸት ነው ሲልለት ይስማ። ነገሩ እንደተሸሸገ ካገባሁሽ እኔም ዕድሜ ልኬን በዚያ ሽታ ውስጥ ነው የምኖረው።»

«እናገራለሁ» አለችው።

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ከዚያ ብዙ አላወሩም፤ ተያዩ። ሁለት ሳምንት የራበው ሰው እንደሚበላው ነበር እሱ የሚያያት። ቤዛ ግን ደስታዋን በሙሉ ልቧ ልትደሰተው አልቻለችም።

ወይዘሮ ጌጤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ባላቸው ሽማግሌዎቹን ለመቀበል ወደ አስፋልቱ ወጥተው ነበር። ቤዛ ጓዳ ድረስ ተከትላቸው ገብታ ጣቷን አሳየቻቸው። አልካዱም። ነጠላቸውን አጣጥፈው ሣጥኑ ላይ አስቀመጡና ዱካው ላይ ቁጭ አሉ።

«አልሰበርኩትም» አሉ። «ዓይኑን ነው የከደንኩት።»

«እማዬ፣ ካሜራ እኮ ነው።»

«እሱ የሚያይሽ በእሱ አይደል? እኔ ልጁን አልጠላሁትም፤ ጨዋ ልጅ ነው። ግን ሲያይሽ አየሁት። ከሥራ ገብተሽ እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ፤ እሱ አገጩን ይዞ ያይሻል፣ ያይሻል። ሰው ሰውን እንዲህ ያያል? ከዚያ አንቺ ከሳሽ። እህል አልበላሽ አለ። እንቅልፍ አጣሽ። ይኸው ጉንጭሽ።»

«የከሳሁት በናፍቆት ነው።»

«እኔስ ምን አልኩሽ?» አሉ ወይዘሮ ጌጤ።

ቤዛ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። እናቷ ግን አልቀለዱም። ከቤዛ በፊት ብርቄ የምትባል ሴት ልጅ ነበረቻቸው። አሊዩ አምባ ገበያ ይዘዋት ወርደው፣ ሸክላ የምትሸጥ ሴት ጸጉሯን ዳብሳ «እንዴት ታምራለች» ብላ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ልጅቷ በትኩሳት ሞተች። መምህር ሽፈራው ወባ ነው፣ ቆላ ወርዳ ነው ያመጣችው ብለው ስንት ዓመት አስረድተዋል። ሴትዮዋን ግን ወይዘሮ ጌጤ እስከዛሬ በሕልማቸው ያዩዋታል።

«አንድ ቀብሬአለሁ» አሉ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነው እንጂ እኔማ ምን አቅም አለኝ። አባትሽ ከሰጠሽ ትሄጃለሽ። አንድ ነገር ብቻ፣ በሰው ፊት አታውጪብኝ። መምሬ ፊት፣ አባትሽ ፊት። እኔ አርጅቻለሁ ቤዛዬ።»

የእናቷን እጅ ያዘች። ያ እጅ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ለአንዱ ቃል የሰጠች ሴት ሌላውን እምቢ ማለት ነበረባት፤ እምቢ አላለችም። እሺም አላለችም። ሁለቱንም ወደደቻቸውና ከጓዳ ወጣች።

ሽማግሌዎቹ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። መሪያቸው መምሬ ዘርአ ዳዊት መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ገቡ፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ተከተሏቸው፣ አቶ ወልደተንሣኤ በመጨረሻ ገቡ። የታጠበ ጋቢ ለብሰዋል። የእጃቸው ጀርባ የእሳት ፍንጣሪ የነደፈው ጠባሳ ብቻ ነው። በሩ አጠገብ ቆሙ። «ወደዚህ እንጂ፣ ወደዚህ» አሉ መምህር ሽፈራው፤ ሶፋው ላይ ቦታ አሳዩአቸው። «እዚህ ይበቃኛል» አሉና እዚያው በር ሥር ባለችው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የቤዛ የምረቃ ፎቶ በእናቷ እጅ ከግድግዳው ወርዶ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። አባቷ አላስተዋሉም። አቶ ወልደተንሣኤ ምስማሩን አንድ ጊዜ አይተው ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ፤ ከዚያ በኋላ ቀና አላሉም።

ቃለ አብ በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ታየ። ከወንበሩ ተነሥቶ፣ አንገቱን ሰብሮ እጅ ነሣ። መምሬ መስቀላቸውን ወደ ካሜራዋ ዘርግተው «እግዚአብሔር ይባርክህ ልጄ» አሉት፤ ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ። መምህር ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠርገው ተማሪ ፊት የቆሙ ያህል ተናገሩ። ሰባት ቤት መቁጠራቸውን፣ ዝምድና አለመገኘቱን፣ ሰው በሥራው እንጂ በአባቱ ሥራ እንደማይመዘን። ጥሩ ንግግር ነበር። ክረምቱን ሙሉ ነው ያዘጋጁት።

«ለመሆኑ» አሉ ድንገት ወደ ቤዛ ዞረው፣ ጨዋታ ለማምጣት ያህል፣ «ይቺ ካሜራ አበቃላት ተብለን አልነበር? እንዴት ተነሣች? ምን ሆና ነበር?»

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቤዛን አየ።

የጓዳው በር ላይ እናቷ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። አቶ ወልደተንሣኤ መሬት መሬት ያያሉ። ቃለ አብ ያያታል። ካሜራዋ አሁን ምንም አትሸሽግለትም። ከንፈሯ ሲላቀቅ አየ፣ ወደፊት ዘንበል አለ፣ አገጩን ያዘ።

«ገመዱ ላልቶ ነበር» አለች ቤዛ።

«ገመድ!» አሉ መምህር ሽፈራው። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ለገመድ!» ሽማግሌዎቹ ሳቁ። መምሬ ዘርአ ዳዊትም ሳቁ። አቶ ወልደተንሣኤ ሰው ሲስቅ ላለመለየት ያህል በትንሹ ሳቁ። ወይዘሮ ጌጤ የነጠላቸውን ጫፍ ከአፋቸው ላይ አወረዱ። ያልሳቀው ቃለ አብ ብቻ ነው። ቤዛ ወደ እሱ ለማየት ሞከረች፤ አንገቷ አልታዘዝ አላት።

«እንግዲህ» አሉ አባቷ ተነሥተው፣ «እናንተን አክብሬ፣ ልጁንም ወድጄ፣ ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ለምርቃት ተነሡ። መምሬ አፋቸውን ሲከፍቱ ከጠረጴዛው ላይ ድምፅ መጣ።

«አባቶቼ፣ አንድ ጊዜ ይቅርታ።»

ሁሉም ዞረ። ቃለ አብ ቆሟል።

«መምህር፣ አክብረውኛል። ዕድሜ ይስጥልኝ። ልጅዎን ይስጡኝ ብዬ ሰው ልኬ ሲሰጡኝ አልፈልግም ማለት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሽማግሌዎቹም፣ የአባቴም አይደለም። ጋብቻው ይቅር።»

«ምን ማለት ነው ይቅር?» አሉ መምህር ሽፈራው።

«እኔ ለዚህ ቤት አልሆንም። ይህን ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ።» ወደ አባቱ ዞረ። «አባዬ፣ አድክሜሃለሁ። ወደ ቤትህ ግባ።»

አቶ ወልደተንሣኤ ምንም አልጠየቁም። ከሁሉም ቀድመው የገባቸው እሳቸው ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳይነገራቸው ነው የሚገባቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ወደ ጓዳው በር ዞረው ለወይዘሮ ጌጤ ጎንበስ አሉ። «እግዜር ይስጥልን» አሉ። ገና ውኃ እንኳ አልቀረበላቸውም ነበር። ሽማግሌዎቹ ግራ እየተጋቡ፣ እርስ በርስ እየተያዩ ተከትለዋቸው ወጡ፤ መምህር ሽፈራው «ኧረ ቆዩ፣ ኧረ በማርያም» እያሉ እስከ ውጭው በር ሸኟቸው።

ቤዛ ኮምፒውተሩ ፊት ቀረች።

«ቃልዬ» አለችው። «እናቴ ናት እኮ።»

«አውቃለሁ። እናትሽን ይቅር ብያለሁ፤ ገና በጧቱ።»

«እኔንስ?»

ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየው። ዳግም እንደማያየው ሰው ነበር የሚያየው። «ገመዱ ላላ ስትይ አባቴ ሳቀ፤ አየሽው?» አላት። «ሳቀልሽ። እሱን መርሳት ቢቻለኝ ጥሩ ነበር።» እጁ ወደፊት መጣና መስታወቱ ጨለመ፤ ላዩ ላይ የቀረው የእሷ ፊት ብቻ ሆነ። ያ ፊት ምን ይመስል እንደነበር ቤዛ ማየት አልቻለችም፤ ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

አባቷ ሲመለሱ በር ላይ ቆመው የጨለመውን መስታወት አዩ። «ደግሞ ተበላሸ እንዴ?» አሉ። ሌላ የሚሉት ጠፍቷቸው ነው።

«አልተበላሸም አባዬ። መጀመሪያም አልተበላሸም ነበር።»

ነገረቻቸው። ኩሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ለቃለ አብ የሰጠችውን ቃል፤ አንድም አላስቀረችም። መምህር ሽፈራው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ሚስታቸውን ቀና ብለው አላዩም። የጠየቁት ቤዛን ነው።

«ታዲያ ሰዎቹ እያሉ ለምን አልተናገርሽም? እኔ እኮ ጠየቅሁሽ።»

«ለእኔ ብላ ነው» አሉ ወይዘሮ ጌጤ ከጓዳው በር። ያለቅሳሉ። «እኔ ለምኛት ነው። እናቴን አላዋርድም ብላ ነው፤ እሷ ምን ታድርግ።»

ጥሩ ምክንያት ነበር። አገር የሚቀበለው ምክንያት ነው፤ እናቱን ላለማዋረድ የዋሸን ሰው ማን ይኮንናል። ቤዛ እሺ ብላ ብትወስደው ዕድሜ ልኳን ይበቃት ነበር። ግን ከንፈሯ የተላቀቀባትን ያቺን ሰዓት አስታወሰች። ያኔ እናቷን አላየችም። ያየችው የሽማግሌዎቹን ፊት ነው፤ ቡዳ የሚለው ቃል ከእሷ አፍ ወጥቶ፣ ከቃለ አብ ስም ጎን ሲቆም፣ እነሱም እሷን በዚያ ዓይን ሲያዩዋት ነው የታያት። ነገ ጎረቤት የሚለውን ነው የሰማችው።

«ለእማዬ ብዬ አይደለም» አለች። «አፍሬ ነው። በእሱ አፍሬ ነው።»

ወይዘሮ ጌጤ ማልቀሳቸውን አቆሙ። ከሰዎቹ ሁሉ ይልቅ ቃለ አብን የወደደች፣ ቡዳ የለም ብላ ከልቧ የምታምን ቤዛ ነበረች፤ ለእሱ ግን ከእናቷ ኩል የባሰችበት እሷው ሆነች። ቤዛ በሕይወቷ ማንንም ሰው የዚያን ዕለት ራሷን የጠላችውን ያህል ጠልታ አታውቅም።